ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ጎማ

አሥረኛ ዓመቴን በያዝኩበት ጊዜ የአንዲት ልጅ ሕይወት በእኔ እጅ ያለ ይመስለኝ ነበር። በእጄ ማለቴ ለአነጋገር ነው እንጂ በእግሬ ነበር። ያውም በማይታጠፈው እግሬ።

መጀመሪያ እግሬ እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ልናገር። ከጎረቤት የውሃ ታንከር መሰላል ላይ ወደቅሁና ጭኔ ተሰበረ። ሦስት ወር ሙሉ ከዳሌዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በጀሶ ታሽጌ ተኛሁ። ጀሶው ሲፈታ ከውስጡ የወጣው እግር የእኔ አልመሰለኝም። ገርጥቷል፣ ከስቷል፣ ደግሞም ይሸታል። ጉልበቱ እንደ ዛገ ማጠፊያ ደርቆ አልንቀሳቀስ ብሏል። የአጥንት ሐኪሙ ጣታቸው ቀዝቃዛ የሆነ ረጅም ሰው ነበሩ። እኛ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ማዕዘን የምንለካበትን የሚመስል፣ ሁለት ረጃጅም እጀታ ያለው መሣሪያ ጉልበቴ ላይ አሳረፉና ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ።

"ሠላሳ አምስት። ትምህርት ሲዘጋ መልሰው ያምጧት። ያኔ ዘጠና ከደረሰች እሰየው። ካልደረሰች አስተኝተን እንከፍተዋለን።"

"ምኑን ነው የሚከፍቱት ዶክተር?" አለች እናቴ።

ሐኪሙ ወደ እኔ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የሚሉትን አልሰማሁም። የእናቴን ፊት ግን አየሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉልበቴን እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ዙሪያውን ሲከፍቱት በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኝ ነበር።

"መድኃኒቱ ማጠፍ ነው" አሉ ሐኪሙ ጮክ ብለው። "ቢያማትም ትራመድ፤ ትቀመጥ፤ ትነሳ። እንዳያዝኑላት።"

እናቴ ግን ሳታዝን መኖር አትችልበትም። ልብስ ሰፊ ናት፤ የቤታችን የፊት ክፍል ሱቋ ነበር። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናዋ፣ ጥግ ላይ ጭንቅላት የሌለው የልብስ ማሳያ፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት ባለ አበባ መጋረጃ ነበረ። ማታ ማታ ወንበሯ ላይ አስቀምጣ እግሬን መርገጫው ላይ ታደርግና "በይ ርገጪ፣ አይዞሽ" ትለኛለች። አንዴ ስረግጥ ሰፈር እስኪሰማ እጮሃለሁ። "እሺ በቃ፣ በቃ የኔ ልጅ፤ ነገ እንሞክራለን" ትልና ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ነገም እንደዚያው ይሆናል።

ትምህርት ቤት ስመለስ ስም ወጥቶልኝ ጠበቀኝ፦ ጀሶ። በክፋት አልነበረም። እንዲያውም የክፍሌ ሴቶች ልጆች ያን ያህል ደግ ሆነውልኝ አያውቁም። በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ደግፈው ያስቀምጡኛል። ውሃ ቢያምረኝ አንዷ ትሮጣለች፤ ደብተር ብረሳ ሌላዋ ትመለሳለች። ብቻዬን እንዳልሆን ብለው እነሱም አጠገቤ ይቀመጣሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ገመድ ዝላይ ያቆሙ ስድስት ልጆች እንደ ሰልፈኛ ደረጃው ላይ ተደርድረን ቆሎ ስንቆረጥም እንውል ጀመር። ማንም ማንንም አላስገደደም። አንዷ ስትቀመጥ አንዷ ትቀመጣለች፣ ያው ነው። ያን ደግነት ዛሬም አልረሳውም። ዘጠና ካልሞላ ይከፍቱኛል ብዬ ያላወራሁለት ልጅ አልነበረም፤ እግሬ ግን ሠላሳ አምስት ላይ ነበር።

ሽቦ የመጣችው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ሽቦ ማለት የትምህርት ቤታችን ሯጭ ናት። ስሟ የወጣው ከቅጥነቷ ነው፤ ደግሞም አንድ ቦታ ጠምዝዘህ ብታስቀምጣት ራሷን አፍታታ ትፈናጠራለች ይባል ነበር። ከዚያ በፊት አናግራኝ አታውቅም። የዚያን ቀን ሜዳውን ሁለቴ ዞራ፣ ላብዋ በአገጯ እየተንጠባጠበ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣችና ደረቷን ይዛ አጠገቤ ዘፍ አለች።

"ጀሶ፣ ምስጢር ትይዣለሽ?"

"እይዛለሁ።"

"ማይልኝ።"

"እግዜር ይመስክር።"

ግራና ቀኝ አየችና አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች። "ልቤ ደካማ ነው። ሐኪም ነው ያለኝ። ከሩጫ በኋላ ቀስ ብዬ ካልተራመድኩ ቀጥ ይላል። የሚያራምደኝ ሰው አጣሁ። ሁሉም ይቸኩላሉ። በዚህ ትምህርት ቤት ካንቺ የበለጠ ቀስ የሚል ደግሞ የለም።"

ልስቅ ነበር። ፊቷን ሳይ ተውኩት። ከላቧ ጋር የምታለከልከው ትንፋሿ በእርግጥም የበሽተኛ መሰለኝ። አሁን ሲገባኝ ሜዳውን ሁለቴ የዞረ ጤነኛ ልጅ ሁሉ እንደዚያው ያለከልካል።

"ለምን ለሌላ አትነግሪም?"

"ቢያውቁ ሩጫ ይከለክሉኛል። ካንቺና ከሐኪሙ በቀር የሚያውቅ የለም።"

በሕይወቴ ማንም እንደዚያ አምኖኝ አያውቅም። ሦስት ወር ስታጠብ፣ ስጎረስ፣ ስገላበጥ የከረምኩ ልጅ፣ ድንገት አንድ ሰው እኔን ፈለገ። የዚያኑ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ቦርሳዬን ልትይዝልኝ የመጣችውን ልጅ "ተይው፣ እኔው እይዘዋለሁ" አልኳትና ከሽቦ ጋር ወጣሁ።

የሽቦ ቤት ከእኛ ቤት በአጭሩ መንገድ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። እኛ ግን ዙሪያውን ነበር የምንሄደው፤ በማተሚያ ቤቱ በኩል፣ በእንጨት መሰንጠቂያው በኩል፣ ከዚያ በጎሚስታው በኩል። አጭሩ መንገድ ዳገት አለው፣ ለልቤ ጥሩ አይደለም አለችኝ። የማተሚያ ቤቱ ዘጠኝ ደረጃ ለልቧ ለምን ጥሩ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሐኪም ያዘዘው ነገር አይጠየቅም።

ጎሚስታው የመኪና ጎማ የሚጠግን፣ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር የሆነ ሰው ነበር። በግቢው ውስጥ ያረጁ ጎማዎች ተቆልለዋል። የመጀመሪያው ቀን እዚያ ስንደርስ ሽቦ ደረቷን ያዘች።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ብናርፍ?"

"እረፉ እረፉ። ምነው፣ ማን አባረራችሁ?"

ሽቦ ወደ እሱ ሄደችና በጆሮው አንሾካሾከች። ሰውየው ወደ እኔ፣ ወደ እግሬ፣ መልሶም ወደ እሷ አየ። ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ልቧ ነገረችው፣ አዘነላት፣ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ሦስት ጎማ ደርቦ አጠገቡም ሌላ ሦስት ደርቦ "በሉ ወይዛዝርት፣ ዙፋናችሁ ይኸው" አለን።

ልቀመጥ ስል እንደ ልማዴ እግሬን ወደ ፊት ዘረጋሁ።

"እንደሱ አይሆንም" አለች ሽቦ። "ሁለታችንም እግራችን መሬት መርገጥ አለበት። አንቺ እግርሽን ስትዘረጊ እኔ ልቤ ይደነግጣል።"

"የኔ እግር ከልብሽ ጋር ምን አገናኘው?"

"እኔ ምን አውቄ? ሐኪም አይደለሁ።"

እግሬን ወደ ኋላ ሳብኩት። ከጉልበቴ እስከ ራስ ቅሌ አንድ ትኩስ ሽቦ ያለፈብኝ መሰለኝ። አፌን ስከፍት እጇን እጄ ላይ አስቀመጠች፣ አንጓዋን ወደ ላይ አድርጋ።

"ቁጠሪልኝ። መቶ እስክትደርሺ አንነሳም። ብትሳሳቺ ከአንድ ትጀምሪያለሽ፤ ሐኪሙ ነው ያለው።"

ጣቴን አንጓዋ ላይ አድርጌ መቁጠር ጀመርኩ። ከቆዳዋ ሥር የሆነች ነገር ትመታለች፤ ስትመታ፣ ስትመታ፣ እንዳትጠፋብኝ ትንፋሼን ይዤ አዳምጣለሁ። የሰው ልጅ በሁለት ነገር ባንዴ መጨነቅ አይችልም። መቶ ስደርስ ጉልበቴ መታመሙን ያስታወስኩት ልነሳ ስል ነው።

መስማት የተማርኩት ያኔ ይመስለኛል። ዛሬ ደንበኞቼ ለልክ መጥተው ሰዓት ሙሉ የሆዳቸውን ሲያጫውቱኝ "አንቺ እኮ ጆሮሽ ለብቻው ነው" ይሉኛል። በጎማ ላይ የተማርኩት ትምህርት መሆኑን አልነገርኳቸውም።

እንዲህ ሆኖ ወራቱ አለፉ። የደረጃው ልጆች መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ በኋላ እነሱም አንድ በአንድ ተነስተው ወደ ገመዳቸው ተመለሱ። እኔም በእረፍት ሰዓት ሽቦ ሜዳውን ስትዞር ከዳር ቆሜ አልጠብቃትም ነበር፤ ከወደቀች እደርስላት ዘንድ በውስጠኛው በኩል አቋርጬ እያነከስኩ እከተላታለሁ። በአንድ ዙሯ አንድ መሻገር። ያን ያህል የሄድኩት ለራሴ ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን እተወው ነበር።

አንድ ቀን ጎሚስታው ጋ ስንደርስ ጎማዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው አገኘናቸው።

"ሦስተኛውስ?" አልኩት።

"ተሸጠ" አለና ወደ ሽቦ አየ። "ገበያው ደርቷል።"

ደስ አለኝ፤ ለሰውየው። ዝቅ ብዬ ስቀመጥ ግን እንባዬ መጣ። "ቁጠሪ" አለችኝ ሽቦ። ቆጠርኩ። አንድ ወር ተኩል ቆይቶ አንዱም "ተሸጠ"፤ ቀረን አንድ አንድ ጎማ። አሁን ሳስበው እነዚያ ጎማዎች እንኳን ሊሸጡ፣ ጥርሳቸው አልቆ እንደ ሕፃን ድድ ልስልስ ብለው ነበር።

ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት እንበረከክ ነበር ማለት አልችልም፤ መንበርከክ አልችልማ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ "ጌታዬ፣ የሽቦን ልብ አበርታልኝ፤ በመንገድ ላይ ቀጥ እንዳይልብኝ" እል ነበር። ስለ ጉልበቴ አንድም ቀን ጸልዬ አላውቅም። ትዝም አይለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጸሎት ጸልያለሁ፤ ያን ያህል ራሴን ረስቼ የጸለይኩበትን ጊዜ ግን አላስታውስም።

እናቴ ይህን ጸሎት በግድግዳው በኩል ሰማችኝ። መስማቷን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ትምህርት ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴ ያረዘመችልኝን የደንብ ልብስ ልለካ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ሽቦ መጣች። እኔ ከውስጥ መሆኔን አላየችም፤ እናቴም ወደ ጓሮ የወጣሁ መስሏታል። ልጠራት ስል የእናቴ ድምፅ አስቆመኝ። መኪናዋን አቁማለች።

"ነይ እስቲ ወደዚህ። ፊትሽን ልየው። አቤት፣ እንዴት ከስተሻል! ጠዋት ልምምድ፣ ከሰዓት ይኸ ሁሉ መንገድ። አንድ ነገር ብትሆኚ ለእናትሽ ምን እላታለሁ?"

"ምንም አልሆንም እትዬ። ትንሽ ነው የቀረኝ።"

"ለምን አንነግራትም? ልጄ ትልቅ ልጅ ናት፤ ይገባታል።"

"እንዳይሞክሩት እትዬ! ካወቀች ሁሉም ነገር ገደል ገባ። እርስዎ ደግሞ ቃል ገብተውልኛል።"

በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁ። እናቴ የሽቦን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። እናቴ፣ ለእኔ ስታለቅስ ፊቷን ወደ መስኮት የምታዞር ሴት፣ ለሽቦ ግልጽ አድርጋ ታለቅሳለች።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሽቦ እየሞተች ነው። እናቴ ታውቃለች፤ እኔ እንዳልደነግጥ ደብቀውኛል። መርፌ የተሰካበትን የደንብ ልብስ ለብሼ እዚያው ቆምኩ፤ አንዱ መርፌ ጎኔን ሲወጋኝ እንኳን አልተንቀሳቀስኩም።

የዓመቱ ውድድር ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት በመጨረሻው ዓርብ ነበር፤ እኔ ሐኪም ቤት የምለካው ደግሞ በሚቀጥለው ረቡዕ። ስምንት መቶ ሜትሩን ያሸነፈች ልጅ ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ለመወዳደር በአውቶቡስ ወደ ትልቁ ስታዲየም ትሄዳለች፤ የሚለበስ ባለ ቁጥር ካናቴራና እውነተኛ የሩጫ ጫማ ይሰጣታል። ሽቦ ስለዚያ ጫማ ስታወራ ዓይኗ ይበራ ነበር። "ከሥሩ ሹል ብረት አለው። መሬቱን ነክሶ ነው የሚሄድ" ትለኝ ነበር ጎማው ላይ ተቀምጣ።

ሐሙስ ዕለት ወደ ስፖርት መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ፊሽካ ነበር የምንላቸው፤ ፊሽካቸው ሲበሉም ከአንገታቸው አትወርድም። ክፍሉ የላስቲክና የቅባት ሽታ ነበረው፤ ኳሶች በመረብ ተንጠልጥለዋል።

"ቲቸር፣ ሽቦ ነገ እንዳትሮጥ።"

"ደግሞ አንቺን ምን አገባሽ?"

"ልቧ ታማለች። ከሮጠች ትሞታለች።" ምስጢሯን ሳወጣ ምላሴ ከበደኝ። ግን ከምትሞት ብትጣላኝ ይሻላል ብዬ ወስኛለሁ።

ፊሽካ ሊስቁ ጀምረው ተዉት። "ማን ነው ይህን ያለሽ?"

"ራሷ። እናቴም ታውቃለች። ስታለቅስላት አይቻለሁ።"

እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ትልቅ ሰው ሲፈራ ያየሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ ሜዳው በልጆች ተሞልቷል። በነጭ ኖራ መስመር ተሰምሯል። ለሽቦ ውሃ ይዤ መነሻው ላይ ቆሜያለሁ። ፊሽካ መዝገባቸውን ይዘው መጡና ሽቦን ከሰልፉ ጠሯት። ድምፃቸው ለስልሶ ነበር፤ እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ እውነቱን ንገሪኝ። ልብሽን ያምሻል?"

ሽቦ መጀመሪያ ግራ ተጋባች። ከዚያ እኔን አየችኝ። የያዝኩትን ውሃ አየች። ፊቷ ላይ ነገሩ ሲገባት በደንብ ይታይ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ጉልበቴ ላይ አሳረፈች፤ ረጅም ጊዜ። አፍራ ነው ወደ መሬት የምታየው አልኩ።

"አዎ ቲቸር" አለች።

"ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ? እኔ እኮ ልገድልሽ ነበር!" ፊሽካ ራሳቸውን ይዘው ስሟን ሰረዙ። የስረዛው ድምፅ፣ እርሳሱ ወረቀቱን ሲቦጭቅ፣ አሁንም ይሰማኛል።

ሩጫው ያለ እሷ ተካሄደ። የእኛ ክፍል ልጅ አራተኛ ወጣች። ልጆቹ ሽቦን ከበቧት። "ሽቦ ዛገች! ሽቦ ዛገች!" እያሉ ዘፈኑባት። ልከላከልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን ምስጢሩ ምስጢር ነው። ከውሃ ቧንቧዎቹ ጀርባ ሄዳ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ስታለቅስ አገኘኋት። እጄን ደረቷ ላይ አደረግሁ። ልቧ ይመታል፣ እንደ እናቴ መኪና፣ ሳይዛነፍ፣ በርትቶ።

"አይዞሽ" አልኳት። "ትድኛለሽ። እኔ ነኝ የነገርኳቸው፤ እንዳትሞቺብኝ ብዬ ነው። ተጣላሽኝ?"

ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባለቀ።

"አልተጣላሁሽም" አለችና ፊቷን በካናቴራዋ ጠረገች። "ነይ እንሂድ። የመራመጃ ሰዓቴ ደርሷል።"

በማተሚያ ቤቱ፣ በመሰንጠቂያው በኩል ሄድን። በአንድ አንድ ጎማችን ላይ ተቀመጥን። እጇን ሰጠችኝና መቶ ቆጠርኩ። ጎሚስታው የሽቦን ፊት አይቶ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አመጣልን። ቅዳሜም ሄድን። እሑድም። ሰኞ፣ ማክሰኞ።

ረቡዕ ሐኪሙ ቀዝቃዛውን መሣሪያ አሳረፉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና ለኩ።

"ዘጠና ሁለት። ማን ነው ያሠራት?"

"ጓደኛዋ" አለች እናቴ።

ላርማት ፈልጌ ነበር። እኔ ነኝ እንጂ ሽቦን የማሠራት! ግን እናቴ እግሬን አቅፋ ስታለቅስ፣ ይቅር፣ አልኳት በልቤ፣ ደስታ ነው የሚያዘባርቃት።

ሽቦ በሚቀጥለው ዓመት "ሐኪሙ ዳንሽ ብሎኛል" ብላ ተመልሳ ሮጠች። ሦስተኛ ወጣች። በዓመቱ አንዲት ከሌላ ሰፈር የመጣች እግረ ረጅም ልጅ ትምህርት ቤታችን ገባች፤ ከዚያ በኋላ አንደኝነት ለሽቦ አልተመለሰም። ያ ባለ ሹል ብረት ጫማ እግሯ ገብቶ አያውቅም።

እውነቱን ያወቅሁት ሁለታችንም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላን ነው። ሽቦ ፖስታ ቤት ደብዳቤ አዳይ ሆና ልትቀጠር የጤና ምርመራ ታዘዘላት። ከእሷ ይልቅ እኔ ነበርኩ የምንቀጠቀጠው። በር ላይ ጠብቄያት ወረቀቱን ነጥቄ አነበብኩ፤ ልብ፦ ጤናማ። እዚያው መንገድ ላይ አቅፌያት አለቀስኩ። ሽቦ እንደ እንጨት ደርቃ ቆመች። እኔ ወደ ቤቴ በረርኩ።

"እማዬ፣ ተአምር! የሽቦ ልብ የበሽታ ምልክትም አልተገኘበት!"

እናቴ የመኪናዋን መርገጫ አቆመች። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አላወጣችም።

"ቁጭ በይ" አለችኝ። "ይህን ነገር ነገ ነገ ስል ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።"

ስትጨርስ ምሽት ሆኖ ነበር። ወደ ሽቦ ቤት ሄድኩ፤ በአጭሩ መንገድ፣ ሮጬ፣ ዳገቱን። በሩን ስትከፍት እያለከለክሁ ጠየቅኋት።

"ያን ቀን ቲቸር ሲጠይቁሽ ለምን ውሸት ነው አላልሽም?"

ከልቧ ግራ የተጋባች ይመስል አየችኝ።

"ዘጠና አልደረስሽማ" አለች።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ሁለታችንም ብዙ አላወራንም። እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ አደለች፤ ከተማው ውስጥ ያልረገጠችው ደረጃ የለም። እኔ የእናቴን መኪና ወረስኩ፤ ቀኑን ሙሉ መርገጫውን የምረግጠው በዚያው እግሬ ነው። የማሳዝነው ሰው የለም።

ባለፈው ወር የሽቦ ልጅ ደወለችልኝ። "አክስቴ፣ እማዬ እንቢ ብላለች። ጀሶው ከተፈታ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ከወንበሯ አልነሳም አለች። ሐኪሙ ካልተራመድሽ እንደዚሁ ትቀሪያለሽ ብሏታል። ለሁላችንም ያማል ብቻ ነው መልሷ። አልቅሼ ለመንኳት።"

ሽቦ ከፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቃ ጉልበቷን ተሰብራ እንደነበር አውቃለሁ። ሁለቴ ጠይቄያትም ነበር፤ ሾርባ ይዤ ሄጄ፣ ትራሷን አስተካክዬ፣ የምትፈልገውን ሁሉ አቀብዬ ተመለስኩ። ስልኩን ስዘጋ ነው ሳደርግ የቆየሁት የገባኝ። እንደ ድሮዎቹ የክፍሌ ልጆች ደረጃው ላይ አብሬያት ተቀምጬ ነበር።

በማግስቱ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ወጣሁ። አሮጌው ጎሚስታ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጁ ቦታውን ይዟል። አናገርኩት። ከዚያ ወደ ሽቦ ቤት ሄድኩ።

መስኮቱ አጠገብ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ፊቷ ያው ቀጭኑ ነው። "መጣሽ?" አለች ሳትዞር። "ልጅቷ ልካሽ ከሆነ ድካምሽ ነው። አልችልም አልኩ፣ አልችልም።"

ደረቴን ያዝኩና አጠገቧ ዘፍ አልኩ።

"ሽቦ፣ ምስጢር ትይዣለሽ?"

ዞረች።

"ልቤ ደካማ ነው" አልኳት። "ሐኪም ነው ያለኝ። ቀስ ብዬ ካልተራመድኩ ቀጥ ይላል። ሁሉም ይቸኩላሉ፤ የሚያራምደኝ አጣሁ። በዚህ ሰፈር ካንቺ የበለጠ ቀስ የሚል ደግሞ የለም።"

ትኩር ብላ አየችኝ።

"አንቺ ውሸታም" አለች።

"ማይልኝ" አልኳት።

በመስኮቱ በኩል ወደ መንገዱ አየች። ከዚያ ሁለቱንም እጇን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርጋ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ የተዘረጋውን እግሯን ከበርጩማው ላይ ቀስ ብላ ወደ መሬት አወረደችው።

"ጎማው ስንት ነው?"

"ሦስት አስደርቤያለሁ።"

"አራት አድርጊው" አለችና እጇን ዘረጋችልኝ፣ አንጓዋን ወደ ላይ አድርጋ።